የልጅሽን ጽሑፍ ፕሪንሲፓሉ ካስቀረባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ልጅሽ ለትምህርት ቤቷ ጋዜጣ የጻፈችውን ፕሪንሲፓሉ (ርዕሰ መምህሩ) «የትምህርት ቤቱን ስም ያጠፋል» ብሎ አስቀርቶባታል፤ ዝም ትበል ወይስ እንከራከር ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ኮሌጅ እስክትገባ ዝም ትበል» ብለዋል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር።

የኔዋ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች ነው የሆነው፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ የመንግሥት ሃይስኩል። በክፍል ሰዓት ሽንት ቤቶቹ ይቆለፋሉ፣ ልጆቹ ቁልፍ የያዘውን ጥበቃ ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ይዞራሉ። እሷ ይህን ጻፈች። ሊታተም ሁለት ቀን ሲቀረው «ይቅር» ተባለ፣ በቃ። እራት ላይ እንጀራዋን እየቆራረሰች ሳትጎርስ ስትቀር ነው ጠይቄ ያወቅኩት። ምን አልኳት መሰለሽ? «አንቺን በሽንት ቤት ምን አገባሽ!» አዲስ አበባ ስማር እኔም ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥምና ቀልድ እናቀርባለን፣ ግን አንዲት ገጽ እንኳ አስተማሪው ሳይፈርምባት ማይክሮፎኑ ጋ አትደርስም። እንዲህ ላደገ ሰው ፕሪንሲፓል እምቢ ካለ ነገሩ አልቋል።

ልጄ ግን «አባዬ፣ ሕግ አለ እኮ» አለችኝ። አላመንኳትም፤ አብረን ቁጭ ብለን አነበብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት ለሄዱ ልጆች ፈረደላቸው። ተማሪ በትምህርት ቤት በር ሲገባ የመናገር መብቱን ውጭ ጥሎ አይገባም ማለት ነው። በ1988 ግን በትምህርት ቤት ጋዜጣ ላይ ያው ፍርድ ቤት መብቱን አጠበበው። ሚዙሪ ውስጥ ሄዝልዉድ ኢስት የሚባል ሃይስኩል ፕሪንሲፓል ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ጽሑፎች ያሉባቸውን ሁለት ገጾች ከጋዜጣው አውጥቶ ነበር። ልጆቹ ተከራክረው 5 ለ 3 ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣው የትምህርት ቤቱ ከሆነ፣ ከማስተማር ሥራው ጋር የሚያያዝ ምክንያት ያለው ፕሪንሲፓል ማስቀረት ይችላል። የሚያስፈራሩሽ በዚህ ነው።

የማይነግሩሽ ደግሞ፣ አንዳንድ ስቴቶች ከዚያ የሚበልጥ መብት በራሳቸው ሕግ ሰጥተዋል። ካሊፎርኒያ ከ1977 ጀምሮ አላት። ካንሳስ በ1992 አወጣች፤ በ2017 እዚያው ካንሳስ፣ ፒትስበርግ በምትባል ከተማ ያሉ የሃይስኩል ጋዜጠኞች አዲስ የተቀጠረችውን ፕሪንሲፓል የትምህርት ማስረጃ አጣርተው ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ሲያገኙ ጻፉት፣ ሴትየዋም ሥራ ሳትጀምር ለቀቀች። እዚያ አገር እንዲህም ይቻላል! የኛዋ ሜሪላንድም በ2016 አውጥታለች። ስም ማጥፋት፣ የሰው ገመና ማውጣት፣ ረብሻ መቀስቀስና የመሳሰለው ከሌለበት ጽሑፉ የተማሪው ነው። ለልጆቹ የቆመውን የጋዜጣ አስተማሪም በዚህ ምክንያት መቅጣት አይቻልም። ይቺን ያዣት፣ ብዙ ጊዜ ልጆቹ ዝም የሚሉት አስተማሪያቸው እንዳትባረር ፈርተው ነው። ልጅሽ የግል ትምህርት ቤት ከሆነች ግን ይህ ሕግ አይሠራላትም፤ ያንን አልጻፍሽም።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። እኔ ሄጄ ልጩህ ብዬ ነበር፣ ልጄ ከለከለችኝ፤ ልክም ነበረች። አባት ሲገባበት የወላጅ ጠብ ይሆናል። ራሷ አራት መስመር ኢሜይል ጻፈች፦ የትኛው ክፍል ነው ችግር ያለበት፣ ምክንያቱስ ምንድነው፣ እባክዎ በጽሑፍ ይንገሩኝ። በስልክ እንነጋገር ሲሏትም በትህትና በጽሑፍ ይሁንልኝ አለች። የቃል ምክንያት ነገ ይለወጣል።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዱ ነጥባቸው ትክክል ነበር። አንድን ጥበቃ በስሙ ጠቅሳ «ሆን ብሎ ይደበቃል» የሚል የተማሪ ወሬ አስገብታለች፣ ሰውየውን ግን አልጠየቀችውም። ሄዳ ጠየቀችው። ለሁለት ፎቅ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ስለሚጨስ ቆልፍ ተብያለሁ አላት። እሱን ጨምራ፣ ስሙን አውጥታ ድጋሚ ጻፈችው። ከመጀመሪያው በብዙ የተሻለ ነበር። በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ወጣ። «ስም ያጠፋል» የሚለውን ግን ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም፤ ትምህርት ቤቱን ማሳፈርማ በሕግ የተከለከለ አይደለም።

የኮሌጁን ነገር እኔም ፈርቼ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤዋን የጻፈችላት ያቺው የጋዜጣው አስተማሪ ናት።

በጽሑፍ ጠይቃ መልስ ካጣች፣ ዲሲ ውስጥ የተማሪዎች ፕሬስ የሕግ ማዕከል የሚባል አለ፣ ከ1974 ጀምሮ ለተማሪ ጋዜጠኞች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ትደውል፣ ራሷ ትደውል። የታገደውን ጽሑፍና የተጻጻፉትን ሁሉ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ውጭ ታስቀምጥ።

የልጄን ኢሜይል እንደ ናሙና ልልክልሽ እችላለሁ። ግን የሷ ጽሑፍ ነውና መጀመሪያ ላስፈቅዳት፣ አሁን ክፍል ናት።