በገል ውስጥ የቀረ ወተት፦ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሰሞን የጥንት ከብት አርቢዎች ምን ይበሉ እንደነበር፣ በገላቸው ማለትም በሸክላ ስብርባሪያቸው ላይም የወተት አሻራ እንደተገኘ በጥቂቱ ጽፌ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣልኝ፤ ደስም አለኝ። ታሪክ ስንል ሁሌ የምናነሳው ንጉሥና ጦርነት ነው። እናት ለልጇ ምን አብስላ እንዳበላች የሚነግረን ግን ተሰብሮ የተጣለው ድስት ነው። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ሺህ ዓመታት መሬት ውስጥ የቆየ ገል ወተት ነበረበት ሲባል ግምት አይደለም ወይ?»

አይደለም። አዲስ ምጣድ ያሟሸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጎመን ዘሩ ሲታሽበት ቅባቱ ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢታጠብም ቢፈተግም አይወጣም። ወተት የፈላበት፣ ሥጋ የተቀቀለበት የጥንት ድስትም እንዲሁ ስቡን መጥጦ አስቀርቷል። ተመራማሪዎች ከገሉ ጥቂት ፈጭተው ያንን ስብ በኬሚካል ያወጡታል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ካርቦን ቀለል ያለና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። ላም የወተቷን ስብ የምትሠራበት መንገድ የሥጋዋን ስብ ከምትሠራበት ይለያል። ስለዚህ ስቴሪክ አሲድ በሚባለው ቅባት ውስጥ ከባዱ ካርቦን በወተት ስብ ላይ ያንሳል። መሣሪያው የሚለካው ይህንን ልዩነት ነው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲዋ ጁሊ ደን እና ባልደረቦቿ በዚህ ዘዴ ሊቢያ ውስጥ ታካርኮሪ ከተባለ የዓለት ጥግ በተገኙ ገሎች ላይ የወተት ስብ አግኝተዋል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ገሎቹ 7,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ያኔ ሰሃራ ሣርና ውሃ ነበረው። በዚያው አካባቢ ዓለቶች ላይ የተሣሉት ላሞች ዛሬም አሉ።

«ወተት ብቻ ነበር እንዴ የሚበሉት?»

ኧረ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2020 ከኬንያና ከታንዛኒያ የተሰበሰቡ 125 ገሎች ተመርምረው ወተትም፣ ሥጋም፣ ዕፅዋትም ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱ የሚሸፍነው ከ5,000 እስከ 1,200 ዓመት በፊት ያለውን ዘመን ነው። ተመራማሪዎቹ ስቡ ከሾርባ ወይም ከወጥ የመጣ ይመስላል ይላሉ። እኛ ቅቅልና መረቅ የምንለው ማለት ነው። ከብት በየቀኑ አይታረድም። አንዴ ከታረደ ግን አጥንቱም ተቀቅሎ ይመጠጣል።

«እኔ ወተት ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል። እነሱ እንዴት ቻሉት?»

አንቺ ብቻ አይደለሽም እህቴ። በዓለም ላይ አብዛኛው አዋቂ ሰው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም። ሕፃን ሳለን የሚፈጭልን ኢንዛይም እያደግን ስንሄድ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ግን የዘረመል ለውጥ መጥቶ ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ለውጥ ከአውሮፓው የተለየ ነው፤ እዚሁ ራሱን ችሎ የመጣ ነው።

ታዲያ ሰው ወተት መጠጣት የጀመረው ሰውነቱ ከተዘጋጀ በኋላ ይመስላችኋል? ማስረጃው ሌላ ነው የሚለው። ከሱዳንና ከኬንያ በተገኙ ጥንታዊ ጥርሶች ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ተመርምሮ የወተት ፕሮቲን ወጥቶበታል። የሱዳኑ እስከ 6,000 ዓመት ይደርሳል። ለውጡ በሕዝቡ ውስጥ ሳይስፋፋ በፊት ሰዎቹ ይጠጡ ነበር። እኔ ብልሃቱ ማርጋቱ ላይ ይመስለኛል። ወተት ሲረጋ ተህዋስያን ስኳሩን ይበሉታል፤ ለዚህ ነው ወተት የማይስማማው ሰው እርጎና አይብ ሲበላ ብዙም የማያመው። አንቺም እስኪ እርጎውን ሞክሪው።

«ቦረና ወተት የሚያስቀምጠው በተጠለፈ ዕቃ እንጂ በሸክላ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕዝብ አሻራው ይጠፋል ማለት ነው?»

ግሩም ጥያቄ ነው። ሸክላ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፤ ከከብት ጋር ለሚጓዝ ሰው የተጠለፈው ዕቃ ይሻላል። እሱ ግን መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገል አልተገኘም ማለት ወተት አልነበረም ማለት አይደለም። የሰዎቹ ጥርስ አለ፣ የከብቶቹ አጥንት አለ። ወይፈኖቹ ገና በለጋነታቸው ታርደው ላሞቹ እስኪያረጁ ከኖሩ፣ ሰዎቹ ወተት ይፈልጉ እንደነበር ያሳያል። በረቱም ይናገራል። ኬንያ ናሮክ ውስጥ ከ1,600 እስከ 3,700 ዓመት በፊት የነበሩ በረቶች ቦታቸው ዛሬም ከሌላው ለም ነው። እበቱ አፈሩን ስላዳበረው ሣሩ በሳተላይት ምስል ሳይቀር ይለያል።

«ያለ ላቦራቶሪስ ገል ምንም አይናገርም?»

ይናገራል። ውጪው በጥላሸት ከጠቆረ ጉልቻ ላይ ይጣድ ነበር ማለት ነው። ውስጡ ተበልቶ ከተቦረቦረ ደግሞ የሚብላላ መጠጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። ጆን አርተር የተባለ አርኪዮሎጂስት ይህን ጋሞ ውስጥ፣ ሰዎች በሚገለገሉባቸው የጠላ ጋኖች ላይ አይቶታል።

«አባቴ ሲያርስ የድሮ ገል ያገኛል። አጥቤ ላስቀምጠው?»

እባክህ እንዳታጥበው! በእጅህም አታሻሸው፤ የቆዳህ ቅባትና ሎሽንህ ከጥንቱ ስብ ጋር ይቀላቀላል። ፌስታል ውስጥም አትክተተው፤ ፕላስቲኩ የራሱን ኬሚካል ይለቅበታል። ባለሙያዎች የሚጠቀልሉት በአሉሚኒየም ፎይል ነው። ከሁሉም የሚሻለው ሳይነካ ባለበት መተው ነው። ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን ጻፍና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ። አባትህንም እዚያች ጥግ ላይ ለጊዜው እንዳያርሱ ለምንልኝ።