«ውሃ ጠጥተሽ ነይ» ብለውኛል፤ ስንት ብርጭቆ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙዎቹ ስለ እርግዝና አልትራሳውንድ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። ሁለተኛው ትንሽ የቤት ውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት።

ሲስተር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ 9 ሳምንት አካባቢ ነኝ። ለሐሙስ ጠዋት አልትራሳውንድ ቀጠሮ አለኝ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ውሃ ጠጥተሽ ነይ» ብላ ሸኘችኝ። እናቴ ደግሞ «በባዶ ሆድ ነው የሚኬደው፤ ጎረቤታችን እንደዛ ነው የተነሳችው» ትላለች። ጾም ላይም ነኝ። የማንን ልስማ? (ከባሕር ዳር)

እናትሽም አልዋሹም፣ ልጅቷም አልተሳሳተችም። ጎረቤታችሁ ምናልባት የሐሞት ከረጢት ታይታ ይሆናል። ሐሞት ከረጢት ምግብ ሲበላ ስለሚኮማተር ለሱ በባዶ ሆድ ይኬዳል። ለጽንስ ግን ባዶ ሆድ አያስፈልግም። እንዲያውም በማቅለሽለሹ ላይ ረሃብ ተጨምሮበት ወረፋ ላይ ራሷን ስታ የወደቀች ስንቷን አንስቻለሁ።

ውሃው ግን እውነት ነው። በ9 ሳምንት ማህፀንሽ ገና ከዳሌ አጥንት ብቅ አላለም፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ አንጀት አለ። አንጀት ውስጥ አየር አለ፤ የአልትራሳውንድ ድምፅ አየር ሲያገኝ እዚያው ይቀራል፣ ውሃን ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ፊኛሽ ሽንት ሲሞላ አንጀቱን ገፋ ያደርግና ሐኪሙ በሱ በኩል ማህፀንሽን ያያል። ሆድሽ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ጄልም ሥራው ያው ነው፤ በቆዳሽና በመሣሪያው መካከል አየር እንዳይቀር።

ስንት? ከመታየትሽ አንድ ሰዓት ያህል በፊት 3 ወይም 4 ብርጭቆ። በትንሿ ሃይላንድ አንድ ተኩል በይው። ከዚያ ሽንት ቤት አትግቢ። እኔ በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ፣ አዋላጅ ሆኜ ሳለ፣ ሲበዛ ይሻላል ብዬ ሁለት ሊትር ከቤት ጠጥቼ ወጣሁና ወረፋው ሁለት ሰዓት ፈጀ። እግሬን አጣምሬ ያለቀስኩትን አልረሳውም! ገብቼ ስተኛ ደግሞ ሐኪሙ «በጣም ሞልቷል፣ ማህፀኑን ጨፍልቆታል፣ ትንሽ ቀንሰሽ ነይ» አለኝ። ስለዚህ ቤት አትጠጪ። ውሃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ወረፋሽን አይተሽ ጠጪ።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፤ የሚታየው በሆድ በኩል ነው ወይስ በብልት በኩል? እርግዝናው ትንሽ ሲሆን በብልት በኩል የሚያዩ አሉ። ለሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ፊኛሽ ባዶ መሆን አለበት። ወሩ ከገፋ በኋላም ማህፀኑ ራሱ ከፍ ስለሚል፣ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠሽ፣ ውሃ ጠጥቶ መጨነቅ የለም።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ለነፍሰ ጡር ያለውን እሳቸው ያውቁታል። ካልሆነም ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እንዲያዞሩልሽ ለምኚ። ደም ካየሽ ወይም ጎንሽን አጥብቆ ከያዘሽ ግን ሐሙስ የሚባል ነገር የለም፣ ያኔውኑ ሂጂ።

ሲስተር፣ ስሜ ይቆይ። መንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ ሦስት ወር ቆይቼ ቤቴ የገባሁት ጥቅምት 2 ነው። ባለቤቴ ኅዳር 16 አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ወረቀቱ «8 ሳምንት» ይላል። እኔ ከገባሁ ግን 6 ሳምንት ከ2 ቀን ነው። ሂሳቡ አልገባኝም፣ እንቅልፍም አጣሁ። ማሽኑ ነው የተሳሳተው?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለባለቤትህ ምንም ሳትናገር ለኔ ስለጻፍክ ተመስገን በል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከተገናኛችሁበት ቀን አይደለም፤ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። እንቁላል የሚወጣው ግን፣ ዑደቷ የተለመደው ዓይነት ከሆነ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ያ ማለት ማንኛዋም ሴት ባረገዘች ዕለት በሐኪም ቆጠራ «የሁለት ሳምንት ነፍሰ ጡር» ነች። ይገርማል አይደል? ግን ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆጥረው።

አሁን ያንተን እንቁጠር። ኅዳር 16 ላይ 8 ሳምንት ከሆነ፣ 56 ቀን ወደ ኋላ ስትሄድ መስከረም 20 ትደርሳለህ። የወር አበባዋ ያኔ ነበር ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ጨምርበት፣ ጥቅምት 4። አንተ የገባኸው ጥቅምት 2። እኔ እንኳን ደስ አለህ ነው የምለው።

በዚያ ላይ ገና በጊዜ የተነሳ አልትራሳውንድ እንኳ አምስት፣ ስድስት ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል። በስምንተኛ ወር የተነሳ ደግሞ እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፤ ልጆች መጀመሪያ ላይ እኩል ያድጋሉ፣ ኋላ ግን አንዱ እንደ አባቱ ግዙፍ፣ ሌላዋ እንደ አያቷ ቀጭን ትሆናለች። ለዚህ ነው ቀኑን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሻሉት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ቢያንስ አንዱ አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት ይሁን ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች ከተጣሉ የመጀመሪያውን እመኑ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ከውሃው የሚበልጠው ዝግጅት ይሄ ቀን ነው። ብዙዎቻችሁ አልጋው ላይ ተኝታችሁ «መጨረሻ መቼ አየሽ?» ስትባሉ «እ... ከጥምቀት በኋላ መሰለኝ» ትላላችሁ። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ሂዱ፣ በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር። ማሽኑ የሚያወጣው የመውለጃ ቀን በፈረንጅ ነውና ስንቷ ቀኑን በኛ አስልታ ተደናግጣ መጥታለች!

በኛ አቆጣጠር ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው። 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሩ፣ አለቀ። ጳጉሜን መሃል ከገባች ግን 10 ቀኑ 5 ይሆናል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 4። ጥቅምት 5 ያየች ሐምሌ 15 ትጠብቃለች፤ ጥር 10 ያየች ጥቅምት 15። የባለቤትህ ሰኔ 30 ነው፤ ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ።

5 ወር ሆኖኛል። እስካሁን አልታየሁም፤ አማቴ «ጨረሩ ልጁን ይጎዳል፣ ለጾታው ከሆነ ስምንተኛ ወር ላይ ይበቃል» ይላሉ። ምን ለብሼ፣ ምን ይዤስ ነው የምሄደው? (ከአዳማ)

ጨረር የለውም። ራጅ ሌላ፣ አልትራሳውንድ ሌላ። ይሄ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ግላስጎው ውስጥ ኢያን ዶናልድ የሚባል የማህፀን ሐኪም መጀመሪያ የሞከረው ፋብሪካ ውስጥ የብረት ስንጥቅ በሚፈለግበት መሣሪያ ነበር፤ ውጤቱን በ1958 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሆዷ በዚህ የታየላትን ሴት ቆጥሮ የሚዘልቃት የለም። ሐኪም ሳያዝ ለቪዲዮ ብቻ ተብሎ ረጅም ሰዓት መነሳትን ግን እኔም አልወደውም።

ስምንተኛ ወርን አትጠብቂ። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ጊዜ የልጁ ልብ፣ አከርካሪ፣ ኩላሊት፣ የእንግዴ ልጁ ቦታና የሽርት ውሃው አንድ በአንድ የሚታይበት ነው፤ አንቺ አሁን እዚያ ላይ ነሽ። ጾታውም ያኔ አብሮ ይታያል፣ ልጁ እግሩን ካላጣመረ። ካጣመረ ሐኪሙን አትቀየሚ።

ቀሚስ አትልበሺ፣ ሙሉውን ወደ ላይ መሰብሰብ ይመጣል። ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ጉርድ ከሸሚዝ ጋር ይመችሻል። የክትትል ካርድሽን ያዢ። ከሐኪሙ የምትጠይቂውን ቤት ጻፊው፣ እዚያ ይጠፋብሻል። ሶፍትም አትርሺ፤ ጄሉን በነጠላሽ ጠርገሽ እንዳትወጪ።