ሜዳዩ አለ፣ ማኅደሩ ላይ የለም

ጥያቄ፦ አባቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳያቸው ቤት አለ፤ ማኅደራቸው ላይ ግን አልሰፈረም። እንዴት ላስመዝግበው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሜዳዩ ብቻውን የማን እንደሆነ አያረጋግጥም። የሚሰጠው ለጀብዱ ሳይሆን ኮሪያ ውስጥ 30 ቀን ላገለገለ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው የቆይታ ማስረጃ ነው፦ የጉዞ ትእዛዝ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የሠራዊት ቁጥር። ማመልከቻዎን ለመከላከያ ሚኒስቴር ይጻፉ።

ቀኑን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሻለቃ ኮሪያ የገባው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ የውጭ ሰነድ በፈረንጆች አቆጣጠር 1951 ይላል። ሁለቱንም ካልጻፉ ሰነዶቹ የተጣረሱ ይመስላሉ። ሌላው ጣጣ ስም ነው፤ በማኅደሩ «በላይነህ»፣ በቀበሌው «በላይ» ከሆነ አንድ ሰው መሆናቸውን አስቀድመው ያስመስክሩ። አባትዎ ካረፉ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያያይዙ። ዋናውን ሰነድ አሳይተው ኮፒውን ብቻ ይተዉ፤ እጅዎ በሚቀረው ማመልከቻ ላይም የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ።