ብሩ ተከፍሏል፤ ስድቡስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልን? እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ጓደኛዬ የአድዋ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አጥቢያ እናገለግላለን፣ ጽዋም አብረን እንጠጣለን። በዕቁብ ብር ተጣላንና ንዴት ይዞኝ በማኅበርተኛው ፊት «እናንተ ድሮም ከሃዲ ናችሁ» አልኳት። እሷም ዘሬን ጠርታ ሰደበችኝ። ብሯን ከፍያለሁ። በቴሌግራምም «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ብዬ ጽፌላታለሁ፤ አልመለሰችልኝም። አሁን ማኅበሩ ራሱ ጎራ ለይቶ መቀመጥ ጀምሯል። የንስሐ አባቴ «ሳትታረቂ አትቁረቢ» ብለውኛል። እሷ እንቢ ካለች እስከ መቼ ልከልከል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የንስሐ አባትሽ ልክ ናቸው። ጌታችን መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ያለው ወንድሙ ለተቀየመበት ሰው ነው (ማቴ. 5፥23-24)። እሷ እስክትመጣ መጠበቅ አያዋጣሽም።

ብሩን ከፍለሻል፤ ደግ አድርገሻል። ጠቡ ግን ከብሩ አልፏል። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ፣ እናትና ልጅ በሕይወት መኖራቸውን ሳይተዋወቁ ወራት አልፈዋል። ያን ጊዜ «ከሃዲ» የሚለው ቃል ሰው ከሥራና ከቤት ያስወጣ ነበር። አንቺ በንዴት የወረወርሽው ቃል እሷ ጆሮ የገባው ከዚያ ሁሉ ጋር ነው። የአንቺም ወገን ደም ፈሷል፣ ተፈናቅሏል። እሷም ዘርሽን መስደቧ ኃጢአት ነው፤ እሱን ግን እሷ ትናዘዘው። ሐዘንን በሚዛን አስቀምጦ የታረቀ ሰው አላየሁም።

«በክርስቶስ አንድ ነን፣ ተዉት» የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ አንድ ነን። ሐዋርያት ግን በዚህ ቃል አፍ አላዘጉም። በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተረሱና ማጉረምረም ተነሣ (ሐዋ. 6)። ሐዋርያት ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ነው፤ ኒቆላዎስማ ከአንጾኪያ የመጣ፣ ወደ አይሁድ እምነት የገባ ባዕድ ነበር። ማዕዱን ቅር ለተሰኘው ወገን አስረከቡ ማለት ነው! እስቲ ማኅበራችሁን ተመልከቱት፦ ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ ማለቴ ነው፣ ማነው? ገንዘብ ያዡስ? ሁሉም ከአንድ አካባቢ ከሆኑ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

የሙሴ እኅት ማርያምም ወንድሟን ባገባት ኢትዮጵያዊት ምክንያት አማችው። ለምጽ ወጣባት፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ሕዝቡ ግን እሷ እስክትመለስ አልተጓዘም (ዘኁ. 12)። ማኅበራችሁም ሁለታችሁን ትቶ ወደፊት መሄድ የለበትም።

አሁን ምን ታደርጊ? ሽማግሌ ከመላክሽ በፊት ራስሽ ሂጂ፣ ብቻሽን፣ ቤቷ ድረስ። «ካስቀየምኩሽ» አትበያት፤ ማስቀየምሽንማ ታውቂያለሽ። ያልሽውን ቃል ራሱን ጠርተሽ «ይህን ብዬሻለሁ፣ በድያለሁ» በያት። ጦርነቱን አንሥታ ከተናገረች ስሚያት፤ የአንቺን ወገን ጉዳት ለመልስ አታቅርቢ፤ ጊዜ አለው። ቀጥሎ ስድቡ የተሰማው በማኅበርተኛው ፊት ነውና ይቅርታውም እዚያው ይሰማ። ሽማግሌ ካስፈለገ ከሁለቱም ወገን ይሁን።

በሩን ብትዘጋብሽም አትደነቂ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቅዱስ ፓትርያርኩ ከአባቶች ጋር ለይቅርታ መቀሌ ድረስ ሄደው የትግራይ አባቶች አልተቀበሏቸውም። ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ ደጅ ይጠናል። ተመልሰሽ ሂጂ።

ስለ ቁርባኑ፦ ድርሻሽን በእውነት ከተወጣሽ በኋላ እሷ እንቢ ብትል እስከ ዕድሜ ልክሽ የምትከለከዪ አይደለሽም። ቅዱስ ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ያለው ለዚህ ነው (ሮሜ 12፥18)። መቼ እንደምትቆርቢ የንስሐ አባትሽ ይወስናሉ፤ ቴሌግራሙን ግን እንደ ድርሻ አይቆጥሩልሽም። እኔም አልቆጥርልሽም።