ቦል ጆይንቷን ማን ገደላት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ሦስት ወር ጭቃና ወንዝ ውስጥ የከረመ መኪና መስከረም ላይ ኮረኮንች ሲነካ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ያኔ ያስታውሰኛል። ዘንድሮ ከመጡልኝ ውስጥ ስለ ቦል ጆይንት የሚጠይቁትን መርጬ አንድ ላይ መለስኩ።

በቅድሚያ በስም እንግባባ። ጎማው የሚታሰርበትን የፊት እግር ከብራቾው፣ ማለትም እግሩን ከሻንሲው ከሚያገናኘው ክንድ ጋር የምታያይዘውን ቦል ጆይንት እላታለሁ። ከመሪው የሚመጣውን ዘንግ ከእግሩ ጋር የምታያይዘውን ደግሞ ቴስታ። አንዳንድ ጋራዥ ሁለቱንም ቴስታ ስለሚል ሰው መለዋወጫ ሊገዛ ሄዶ የማይሆነውን ይዞ ይመለሳል። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፦ የብረት ኳስ፣ ኳሷ የምትዞርበት ቤት፣ መሐላቸው ግራሶ፣ ከላይ ውሃና አቧራ የምትከለክል የጎማ ሽፋን። ይህችን ሽፋን ኩፊያ እንላታለን፤ ዛሬ ደጋግሜ የማነሳት እሷን ነው።

ጥያቄ፦ በደቡብ ኦሞ ቱሪስት የማመላልስበት አሮጌ ፕራዶ አለኝ። የቀኝ ፊት እግሩ ኮረኮንች ላይ ቋ፣ ቋ ይላል። መካኒኩ አሞርዛተር ነው ብሎ ሁለቱንም ቀየረልኝ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ከእንግዲህ ሰው ሳላምን በራሴ እንዴት ልለይ?

አሞርዛተር ሲሞት መኪናው ይዋልላል፣ ጉድጓድ ካለፈ በኋላም ይወዛወዛል። አጭርና ደረቅ “ቋ” ግን የአሞርዛተር ጠባይ አይደለም፤ ጎሚኒዎቹ፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት የጎማ ማረፊያዎች፣ ካላለቁ በስተቀር። እነሱን ደግሞ ሲቀየር አብረው አዲስ አግኝተዋል። ስለዚህ ወደ ቦል ጆይንት እንሂድ።

ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ። ቀጥሎ ክሪኩ የት ይግባ የሚለው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕራዶ ላይ ሞላው የሚያርፈው የታችኛው ብራቾ ላይ ነው። ሻንሲውን ይዘው ካነሱት ሞላው ብራቾውን ቁልቁል እየገፋ መገጣጠሚያውን ወጥሮ ሊይዘው ስለሚችል ያለቀችውም ደህና ትመስላለች። ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ስር፣ ወደ ጎማው ጠጋ አድርገው ያስገቡት፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ከቦል ጆይንቷ ላይ ይነሳል። የድሮው ሃይሉክስ፣ በሞላ ፈንታ ረጅም የሚጠመዘዝ ዘንግ ያለው፣ ተቃራኒው ነው። ዘንጉ የሚይዘው የላይኛውን ብራቾ ስለሆነ እሱ በሻንሲው ይነሳል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ሻንሲው ስር ጠንካራ ድጋፍ ሳያስገቡ እጅዎን አያስገቡ።

ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርገው ገፋ ሳብ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎት። ፍሬን ሲረገጥ ክፍተቱ ከጠፋ ጥፋተኛው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነች። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወደ ቴስታ ይሂዱ። በመጨረሻ ከጎማው ስር ረዘም ያለ ብረት አስገብተው ወደ ላይ ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ ረዳትዎ ዓይኑን ከመገጣጠሚያዋ ላይ አይንቀል። ብራቾውና እግሩ እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለ አልቃለች። ከኩፊያዋ ስር ቀይ የዝገት ልቅላቂ ካዩማ ይህን ሁሉ መድከምም ላያስፈልግዎ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ “አሮጌ” ስላሉኝ። ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ 90 የምንለው ፕራዶ ከሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ። የዚህ መኪና የታችኛዋ ቦል ጆይንት የተቀመጠችው ክብደቱ ኳሷን ከቤቷ ወደ ውጭ እየጎተተ እንዲውል ሆኖ ነው። ሌላዋ ዓይነት ብታልቅ ክብደቱ ወደ ቤቷ ይገፋታል፤ ይህች ስታልቅ ግን ኳሷ ከቤቷ ትወጣለች፣ ጎማውም ከመኪናው ስር ይታጠፋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ታኮማ፣ ቱንድራ፣ ሴኮያና የፕራዶ 90 የቅርብ ዘመድ የሆነውን ፎርራነር፣ በድምሩ ከ700,000 በላይ መኪና ለጥገና መልሶ የጠራው በዚችው በታችኛዋ ቦል ጆይንት የተነሳ ነበር። እዚያ ምክንያቱ ፋብሪካ ውስጥ የተጫረ የኳስ ገጽ ነው። እኛ ዘንድ መጫሩን አሸዋው በነፃ ይሠራልናል። በግሌ 90 ላይ የታችኛዋን እስክትንኳኳ አልጠብቅም፤ ኩፊያዋ ከተቀደደች በዚያው ሳምንት ትወጣለች።

ጥያቄ፦ ከሰመራ አፍዴራ በሃይሉክስ ዕቃ አመላልሳለሁ። ለራሴ የግራሶ ፓምፕ ገዝቻለሁ። አንዱ መካኒክ “ግራሶ ሲበዛ ይሻላል፣ እስኪተፋ ግፋ” ይላል፤ ሌላው “አትንካው” ይላል። ማንን ልስማ?

ወንድሜ፣ ሁለቱም እንደ ቦል ጆይንቷ ዓይነት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ከስሯ ወይም ከጎኗ ትንሽ ኒፕል፣ ግራሶ የሚገባባት የብረት ጡት፣ አለች ወይ ብለህ እይ። ከሌለች ከፋብሪካ ታሽጋ የመጣች ናት፤ ፓምፕህ ምንም አይሠራላትም። አንዳንዱ ኩፊያዋን በመርፌ ወግቶ ግራሶ ይሰጣታል። ለአንድ ወር ዝም ትላለች። ከዚያ በመርፌዋ ቀዳዳ የጨው ውሃ ይገባና ኳሷን ይበላታል። ያንተ መንገድ ደግሞ ጨው ነው።

ኒፕል ካላት መጀመሪያ ኒፕሏን በጨርቅ ጥረግ። ሳትጠርግ ከገፋህ የመጀመሪያው የሚገባው አቧራው ነው። ቀስ እያልክ ግፋ፣ በሌላ እጅህ ኩፊያዋን ዳስስ። ትንሽ ሞላ ስትል አቁም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግፊት ይበቃታል። በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ጎማህ ውስጥ ካለው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ግፊት መስጠት ይችላል። የኩፊያዋ ስስ ጎማ ይህን አይችልም፤ ይፈነዳል ወይም ከአንገቱ ይሾልካል። “እስኪተፋ ግፋ” የሚባለው አሮጌ ግራሶ የሚወጣበት መተንፈሻ ላላት ብቻ ነው። እሷ ጥቁሩን ተፍታ ንጹሑ ብቅ ሲል ታቆማለህ።

በየስንት ጊዜ? ለአስፋልት መኪና በየዘይት ቅያሪው ይበቃል። አንተ ግን ኪሎ ሜትር አትቁጠር፤ ከጨዋማ ጭቃ በወጣህ ቁጥር በንጹህ ውሃ አጥበህ አድርቀህ ስጣት። ግራሶው ቁጥር 2 የሊቲየም፣ ለከባድ ጫና የተሠራ ይሁን። ሞሊብዴነም ያለበት ጥቁሩ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነት ቀስ ብሎ ለሚሽከረከርና ለሚመታ ነገር ይስማማል። አንዴ የያዝከውን ዓይነት አትለዋውጥ። ሊቲየምና ከሸክላ የሚሠራው ግራሶ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ቀጥነው ይፈሳሉ፤ ግራሶ ሰጥቻለሁ ብለህ ስትተማመን ውስጧ ባዶ ትሆናለች።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ስጠይቅ የአዲሷ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነ። አንድ ቶርኖ ቤት አሮጌዋን ከፍቶ፣ አዲስ ቤት ሠርቶላት፣ በብየዳ ይዘጋታል አሉኝ። ያዋጣል?

አያዋጣም። ኳሷ ጠንካራ የሆነችው ፋብሪካ ውስጥ በእሳትና በማቀዝቀዝ ተገርታ ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ያፈርሳል፣ ውስጧ ያለውን ፕላስቲክም ያቀልጣል። ቴስታና ቦል ጆይንት ሲሠራ አይቻለሁ፣ የቶርኖው ሰውዬ እጅም የተመሰገነ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን መኪናው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ ጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ገንዘቡ እስኪሞላ መኪናውን ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ውስጥ የእርዳታ ድርጅት ሀርድ ቶፕ እነዳለሁ። ከጎማው ጀርባ ያለችው ትልቋ የምታብረቀርቅ ኳስ ናት ቦል ጆይንቷ? በየሳምንቱ ግራሶ እቀባታለሁ።

ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሾፌር እንደ እርስዎ ያስባል። አይደለችም። 70 የሚባለው ላንድ ክሩዘር ፊቱ ወጥ አክሰል ስለሆነ እግሩን የምትይዝ ቦል ጆይንት የለውም። ያቺ ትልቅ ኳስ የመሪው እግር የሚዞርባት ቤት ናት። ክብደቱን የሚሸከሙት ከላይና ከታች ያሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ግራሶውም ያለው ከውስጥ ነው።

ስለዚህ ከውጭ መቀባቱን ይተዉት። በኳሷ ላይ ስስ የግራሶ ፊልም መኖሩ ያለ ነው፤ ወፍራም ሲቀባ ግን አቧራ ይይዛል፣ አቧራው የሚጠርጋትን ቀለበት እየሞረደ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል። እርስዎ ማየት ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። የጎማው ውስጠኛ ገጽ በቀጠነ ጥቁር ዘይት ከራሰ ዘይቱን የሚያግደው የአክሰሉ ቀለበት (ኦይል ሲል) አልቆ የዲፍሬንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር እየተቀላቀለ ነው። ባሮ ዳር ውሃ ውስጥ ከዋሉ በኋላ ደግሞ ቤቱ ተከፍቶ ይታይ፤ ግራሶው ወተት ከመሰለ ሁሉም ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በአዲስ ይተካል። መሪው ከጉድጓድ በኋላ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ እነዚያ ሁለት ኩሽኔታዎች ልል መሆናቸውን ያስመርምሩ። ቦል ጆይንት ካማረዎት ቴስታዎቹ ላይ ያገኛሉ፤ እነሱ እዚህም አሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። ልጄ ጂፕ ራንግለሩን ከፍ አስደርጎ ትልልቅ ጎማ አስገባበት። በ55 ማይል ጉድጓድ ስንነካ መኪናው በሙሉ ይንዘፈዘፋል፣ መሪውን መያዝ ያቅተኛል። ጋራዡ የመሪ አሞርዛተር ቀይሮ “አሁን ተሻለው” አለን። እውነት ተሻለው?

እህቴ፣ አልተሻለውም፤ አፉን ነው የዘጉት። የመሪው አሞርዛተር መንዘፍዘፉን ይደብቃል እንጂ ምክንያቱን አያነሳም። ጂፕ እንደ ሀርድ ቶፑ ወጥ አክሰል ነው፣ ግን ከእሱ በተለየ በእያንዳንዱ ጎን ከላይም ከታችም ቦል ጆይንት አለው። የከበደ ጎማ በመጣ ቁጥር እነዚያ አራቱ ይሠቃያሉ። አክሰሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዘው ዘንግና ብሎኖቹም ልል ከሆኑ ይህ የሚሉት መንዘፍዘፍ ይመጣል። መጀመሪያ ዘንጉ፣ ቀጥሎ ቴስታዎቹ፣ ቀጥሎ ቦል ጆይንቶቹ ይፈተሹ፤ እስከዚያ ሀይዌይ ላይ አይውጡ።

ልጅዎ ሲቀይር “ግራሶ የሚሰጣትን ልግዛ ወይስ የታሸገችውን?” ማለቱ አይቀርም። የሚሰጣትን መግዛት ጥሩ የሚሆነው በእርግጥ የሚሰጣት ከሆነ ነው። ኮሎራዶ ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የማግኒዚየም ጨው ስለሚረጩ ረስቶ ካከረማት የታሸገችው ትሻለዋለች። እርስዎ ልጅዎን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ካጠብኩ በኋላ ከስር ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ያስረጩልኛል። ለቦል ጆይንት ይጠቅማል ይላሉ።

ዝገት ለመከላከል ለሻንሲው ትንሽ ይረዳ ይሆናል። ለኩፊያ ግን ጎጂ ነው፤ ናፍጣ ብዙውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያልበሰለ እንጀራ ያስመስለዋል። የታጠበ ግራሶም አቧራን ይጋብዛል። ለላቫጆው ልጅ ውሃውንም ቀጥታ ወደ ኩፊያዎቹ አስጠግቶ እንዳይተኩስ ንገሩት።

ጥያቄ፦ 555 የሚባለውን የጃፓን ቦል ጆይንት አዲስ ገዝቼ አስገባሁ፤ በሦስት ወር ማንኳኳት ጀመረ። ተጭበርብሬ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ስም ከሚሸጠው አንዳንዱ ጃፓን አይቶ አያውቅም። አዲስ ቦል ጆይንት በእጅ ስትዞር ጠበቅ ብላ፣ ሳትንገራገጭ መዞር አለባት፤ እንደ ማንኪያ ከተንቀዋለለች ሳጥኗን ይዘህ መልሳት። ግን ከሻጩ በፊት ያስገባትን ሰው ልጠይቅልህ። ኳሷ ወደ ብራቾው ወይም ወደ እግሩ የምትገባበት ሾጣጣ አንገት ላይ ግራሶ ቀባ? ብዙው ይቀባል፣ “በቀላሉ እንድትወጣ” ይላል። ሾጣጣው የሚይዘው ብረት ለብረት ሲነካካ ነው፤ መጠረግና መድረቅ አለበት፣ አለዚያ ይላላና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ያን ጊዜ የሚያንኳኳው የሰፋው ቀዳዳ ነው፤ አሥር ቦል ጆይንት ብትቀይር አይተውህም። ዳዶውን ካጠበቀ በኋላ የመቆለፊያዋ ሽቦ ቀዳዳ አልገጥም ሲለው ወደ ኋላ ፈታ አድርጎ አስገባት? ወደ ፊት ነበር ማጥበቅ ያለበት። ይህንንም አስፈትሽ፣ ጎማውንም አላይመንት አስገባው።