ተከራይም ለፕላን ውይይት ይሂድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በከተማው የመሬት አጠቃቀምና የቤት ልማት ፕላን ላይ ነዋሪው አስተያየት ይስጥ ተብሎ ስብሰባ ተጠርቷል። ካርታ የሌለው ሰው ሄዶ ምን ይላል?» ነው ያልሽው። ሂጂ። እንዲያውም ከባለይዞታው ይልቅ አንቺ መሄድ አለብሽ። ለምን እንደምል ከራሴ ልንገርሽ።

እዚያው ከተማ፣ ሽምብጥ ሰፈር 8 ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ጓሮ ላይ በተደረደሩ ሰርቪስ ቤቶች 5 ቤተሰብ ነበርን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ያኔም እንዲህ ያለ ስብሰባ ተጠርቶ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፕላን ተለጥፏል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። የኛ መንገድ ቀይ ነበር። እጅ ያወጡት በሙሉ ባለይዞታዎች ናቸው፤ ስለ ካሳ፣ ስለ ሊዝ፣ ስለ ፎቅ ጠየቁ። እኔ «ምን አገባኝ» ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀዩ ትርጉም የገባኝ በኋላ ነው። በመንገዱ ዳር ከተወሰነ ፎቅ በታች መሥራት አይቻልም ተባለ። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን ብቻቸውን አቅም ስላልነበራቸው ከሰው ጋር ተሻርከው ግቢውን አፈረሱት። 5ታችንም ተበተንን። አንዷ ጎረቤቴ ጎህ ሲቀድ ጣና ሐይቅ ዳር ወርዳ ከአጥማጆቹ ቆሮሶ ዓሣ እየገዛች፣ ጠብሳ ትሸጥ ነበር። ኪራይ ረከሰልኝ ብላ ከከተማው ዳር ያለው ዘንዘልማ ገባች። በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይገኝም፤ ሲገኝም ሒሳቡ ትርፏን በላው። ወራት ሳይቆይ ዓሣውን ተወችው። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ የትም አልነበረችም።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይላል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም መላው ከተማ የሚመራበት ዋናው ፕላን፣ አንዴ ከጸደቀ ደግሞ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ቦታው ሲነሳ ካሳ የሚሰላው ለባለይዞታው ነው። ስለዚህ የተከራይ ጊዜ አሁን ነው፣ ሳይጸድቅ።

ሁለተኛ ስብሰባ ሲጠራ ግን ተዘጋጅቼ ሄድኩ። «የቤት ችግር ይፈታልን» አላልኩም፤ እሱን ሁሉም ይላል፣ ቃለ ጉባኤ ላይም አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። በአንድ ገጽ ጻፍኩት። በተዛወርኩበት ግቢ ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ ስንት እንደምንከፍል፣ የት እንደምንሠራ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቅሁ፦ ሰርቪስ ቤት በመኖሪያ ቀጠና በደንቡ ይፈቀድ፣ ቀይ በተቀባው መንገድም ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ ለመኖሪያ ይሁን። በሁለት ቅጂ አስገብቼ አንዱ ላይ የገባበትን ቀን አስጽፌ ማኅተም አስመታሁ። ባለሙያው እርሳስ አውጥቶ ሰፈራችንን ፕላኑ ላይ ከበበው። ሁሉንም አልተቀበሉኝም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «ስንት ሰው ነው እዚህ የሚኖረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አካታች ቤት»፣ ማለትም ማንንም የማይተው ቤት፣ የሚለው ነገር ሲነሳ ደግሞ የሐይቁን ዳር ሰዎች፣ ነገደ ወይጦዎችን አንሺልኝ። ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራ ሰው ከሐይቁ ርቆ ቤት ቢሰጠው እንጀራውን ነው የሚያጣው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ስፍራ ነው፤ ዳርቻው መጠበቁን ከልቤ እደግፋለሁ። ድሃውን አንስቶ ለሪዞርት መስጠት ግን ጥበቃ አይደለም። ዊልቸር የሚጠቀም፣ ደረጃ መውጣት ያቃተው አዛውንት ካለም ምድር ቤቱ ለእነሱ ይሁን በይ።

ብቻሽን አትሂጂ፤ ከግቢሽ ሁለት ሰው ያዢ። ቀደም ብለሽ ግቢና ሰው ሳይሞላ ፕላኑ አጠገብ ቁሚ። ሰፈርሽ ከጠፋብሽ መጀመሪያ ሐይቁን ፈልጊ፣ ከዚያ አባይ የሚወጣበትን፣ ከዚያ ድልድዩን። ተሻግረሽ መንገዱን በጣትሽ ተከተዪና ቤትሽ ምን ቀለም እንደተቀባ እዪ።