መልስ፦ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ስንሻገር የድሮው ታሪክ ይጠፋል?

አይጠፋም። (ሰብቨርዥንና ጊት የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች ናቸው።) «ጊት ኤስቪኤን ክሎን» የሚባለው የጊት ትእዛዝ የድሮ ኮሚቶቻችሁን (የተመዘገቡ ለውጦቻችሁን) ከነቀናቸውና ከነመልእክታቸው ያመጣል።

1. መጀመሪያ የሰብቨርዥን ተጠቃሚ ስሞችን ከሙሉ ስምና ከኢሜይል ጋር የሚያዛምድ ፋይል አዘጋጁ። ይህን ከዘለላችሁ፣ ኋላ ላይ የጸሐፊ ስም ለማስተካከል ታሪኩን እንደገና መጻፍ ግድ ይላል።
2. ክሎን (ታሪኩን ገልብጦ ማምጣት) ካለቀ በኋላ ታጎቹን፣ ማለትም ለተለዩ ስሪቶች የተሰጡትን ምልክቶች፣ እዩ። የሚመጡት እንደ ሪሞት ብራንች (ከሰርቨሩ እንደመጣ የሥራ ቅርንጫፍ) ስለሆነ ወደ ጊት ታግ ቀይሯቸው።

ሰርቨሩ ሲቋረጥ ሥራ ይቆማል ላላችሁት፣ በጊት ኮሚትም ብራንችም ሎግም (ታሪኩን ማየትም) እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሠራሉ። ሰርቨሩን የሚጠብቁት ፑሽና ፑል (ለውጥ መላክና መቀበል) ናቸው።

የምታስቸግረው ሌላ ነገር ናት፤ ትላልቅ የዲዛይንና የቪዲዮ ፋይሎች። በሰብቨርዥን የምታወርዱት የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ነበር። ጊት ግን ክሎን ላደረገ ሁሉ የእያንዳንዱን ለውጥ ቅጂ ያሸክመዋል፤ ፋይሉን ብታጠፉትም ክብደቱ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ማከማቻውን ለቡድኑ ከማጋራታችሁ በፊት እነዚህን ወደ ጊት ኤልኤፍኤስ (ትላልቅ ፋይሎችን ለብቻ የሚያስቀምጥ የጊት ተጨማሪ) አዛውሯቸው። ከተጋራ በኋላ ከሆነ ሁሉም ሰው እንደገና ክሎን ማድረግ ሊኖርበት ነው፣ ያኔ ጭቅጭቁን አያድርስ!

አብዛኛው ሥራችሁ እንዲህ ዓይነት ፋይል ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን ሰብቨርዥን ላይ እቆያለሁ። ፋይል የመቆለፍ ነገሩ (አንዱ ሲሠራበት ሌላው እንዳይቀይረው ማድረጉ) እዚያ ይሻላል።